የፋሲል ዘንዶና የአገው ምድር ብርድ

ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የነገሥታትን ሥራ፣ የጦር ሜዳዎችን ስምና የዘመናትን ቍጥር ነው። ይህም መልካም ነው። ነገር ግን በታላላቅ መጻሕፍት ጥግ ላይ አንባቢ በችኮላ የሚያልፋቸው ጥቂት መስመሮች ይገኛሉ። እነርሱን ቆም ብሎ የመረመረ ሰው አንዳንድ ጊዜ ከታላቁ ወሬ ይልቅ ከታናሹ የበለጠ ይማራል። እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለዚህ የተማሪ ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ በተጠየቅን ጊዜ የመረጥነው እንደዚህ ያለውን ታናሽ ወሬ ነው። ወሬውም ከሩቅ አገር የመጣ አይደለም፤ የእኛኑ የአገው ምድርን የሚመለከት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት ዓ.ም. ካላልን በቀር በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን።

ጄምስ ብሩስ የሚባለው የስኮትላንድ ሰው የዓባይን ምንጭ ለማየት ወደ አገራችን መጥቶ በ1770 በኖቬምበር ወር፣ ይኸውም በ1763 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ ሰከላ ውስጥ ከምትገኘው ከግሽ ደረሰ። ሰከላ ዛሬ በምዕራብ ጎጃም ውስጥ ብትቈጠርም በዚያ ዘመን የአገው ሕዝብ አገር ነበረች፤ ከእንጅባራና ከዳንግላም ሩቅ አይደለችም። ብሩስ በዚያ የወንዙ አገልጋይ የሚባለው ክፍለ አባይ በእንግድነት እንደ ተቀበለው፣ የአገሩንም ሰው ኑሮና ልማድ እየጠየቀ እንደ መዘገበ ይተርካል። ወደ አገሩ ተመልሶም የጕዞውን ታሪክ በ5 ታላላቅ ክፍሎች ጽፎ በ1790 በኤድንበርግ አሳተመው።

ከዚህ መጽሐፍ ውስጥ ልባችንን የሳበው ስለ እባብ የተጻፈው ነገር ነው። ብሩስ እንደሚለው የአገሩ ሰዎች ትልልቅ እባቦችን ይመግቡ ነበር፤ ከእነርሱም ሁኔታ የሚመጣውን ነገር ይተነብዩ ነበር። ጠላት ሊመጣ ሲል እባቦቹ ይሰወራሉ ይባል ነበር። አንድ ሰው መንገድ ሊሄድ ሲያስብ በእባቡ ፊት ቅቤና ወተት ያቀርብለታል፤ እባቡ ከበላ መንገዱ የቀና ነው፤ እንቢ ካለ ግን ክፉ ነገር ቀርቧል ማለት ነው። ከሁሉም የሚያስደንቀው በዚያ ዘመን የዳሞትና የአገው ምድር ገዥ ስለ ነበረው ስለ ፋሲል የሚነገረው ነው። (ይህ ፋሲል ጎንደርን የቈረቈሩት ዐፄ ፋሲለደስ አይደለም፤ ከእርሳቸው ከ100 ዓመት በኋላ የነበረ የጦር ሰው ነው።) ብሩስ ይህን ፋሲልን ብልህና ተንኰለኛ ይለዋል፤ እንዲህ ያለው ብልህ ሰው ግን፣ እንደሚባለው፣ በቤቱ የሚጠብቀው እባብ አልበላም ያለ ቀን በፈረሱ ላይ አይወጣም፣ ከቤቱም አይርቅም ነበር።

እዚህ ላይ መጀመሪያ የምንጠይቀው ነገር እንስሳው ምን ዓይነት እባብ ነበር የሚል ነው። መርዛም እባብን በቤቱ አሳድሮ ቅቤ የሚያቀርብለት ሰው ይኖራል ብሎ ማሰብ አስቸጋሪ ነው። ከአገራችን እባቦች መካከል በጣም ትልቅ ሆኖ መርዝ የሌለው ዘንዶ ነው። ስለዚህ የፋሲል እንስሳ ዘንዶ እንደ ነበረ አድርገን ብንወስድ ከእውነት የራቅን አይመስለንም። እባብን መመገብም ለአገራችን ሰው አእምሮ እንግዳ ነገር አልነበረም። ከንግሥተ ሳባ በፊት አርዌ የሚባል ዘንዶ ነግሦ ሕዝቡ ይገብርለት እንደ ነበረ፣ ከዚያም አንጋቦ የሚባል ጀግና እንደ ገደለው የሚናገረውን አፈ ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ ከሽማግሌዎች ሰምተናል።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን ከመጀመሪያው ይከብዳል። ዘንዶ የቆላ እንስሳ ነው። በዞናችን ለእርሱ የሚስማማው እንደ ጃዊ ያለው ሞቃት ቆላ ነው እንጂ ደጋው አይደለም። ዳንግላ ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ እንጅባራ ከ2500 ሜትር በላይ ናት፤ ግሽም እስከ 2700 ሜትር ትደርሳለች። ወደ ላይ 1000 ሜትር በወጣን ቍጥር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል እንደሚቀዘቅዝ በመልክዐ ምድር ትምህርታችን ተምረናል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት እንጅባራ ላይ ያደረ ሰው ጧት ሣሩ በአመዳይ ነጥቶ ሲያይ ይህ ሒሳብ ያለ መጽሐፍ ይገባዋል። በክረምትም ቢሆን ሌሊቱ እንደ በጋው ባይከፋ ፀሐይ በደመና ተሸፍና ስለምትውል ቀኑ አይሞቅም። እንግዲህ የቆላው እንስሳ በዚህ ብርድ ውስጥ፣ በሰው ቤት፣ እንዴት ሊኖር ቻለ?

ይህን ለመመለስ አስቀድመን የዘንዶን ተፈጥሮ ማወቅ ይገባናል። ሰውና ከብት፣ ዶሮና ወፍ፣ የሚበሉትን እህል በሰውነታቸው ውስጥ እንደ ማገዶ እያነደዱ ሙቀታቸውን ራሳቸው ይሠራሉ። የሰው ሙቀት ብርድም ሆነ ሐሩር 37 ዲግሪ ያህል ነው፤ የላም ሙቀት ከዚህ ጥቂት ይበልጣል። እባብ ግን እንዲህ አይደለም። ሙቀቱን የሚያገኘው ከውጭ ነው፤ ከፀሐይ፣ ከሞቀ ድንጋይ፣ ከሞቀ መሬት ይቀበላል። ይህም ጕዳትም ጥቅምም አለው። ጥቅሙ ሙቀት ለመሥራት ብዙ ምግብ ስለማያስፈልገው አንድ ጊዜ የጠገበ ዘንዶ ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን ሳይበላ መክረሙ ነው። ጕዳቱ ደግሞ አካባቢው ሲቀዘቅዝ ሰውነቱ ሁሉ አብሮ መቀዝቀዙ ነው። ጡንቻው ይደክማል፤ ከሁሉም በላይ ሆዱ ሥራውን ያቆማል። ሙቀቱ 30 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን የዋጠውን አይጥ በጥቂት ቀናት ይፈጨዋል፤ ብርድ ከያዘው ግን የዋጠው ነገር በሆዱ ውስጥ ይበሰብስና ይተፋዋል፤ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ የበረደው እባብ ተፈጥሮው አስጠንቅቆት ምግብ አይቀርብም። ይህን ነገር አንባብያን ልብ እንዲሉት እንጠይቃለን፤ በኋላ እንመለስበታለንና።

ይህን እውነት የዓለም ሊቃውንትም በአንድ ቀን አላገኙትም። በሎንዶን ከተማ በሪጀንትስ ፓርክ ባለው የአራዊት ማኖሪያ በ1849 ለእባብና ለመሰሎቹ ብቻ የተለየ ቤት ተሠራ፤ በዓለም የመጀመሪያው ነው ይባላል። በዚያ ዘመን ጠባቂዎቹ ትልልቆቹን እባቦች ከሎንዶን ብርድ ለማዳን ከሚያደርጉት ነገር አንዱ ብርድ ልብስ መስጠት ነበር። አንዱ ትልቅ እባብ ብርድ ልብሱን ዋጠውና ከብዙ ቀን በኋላ መልሶ ተፋው። ታሪኩ የሚያስቅ ቢሆንም ትምህርት አለበት። ብርድ ልብስ ሙቀትን ይጠብቃል እንጂ ሙቀትን አይፈጥርም። ለሰው ብርድ ልብስ የሚረባው ሰው ራሱ ምድጃ ስለ ሆነ ነው። ራሱ ለማይሞቀው ለእባብ ግን ብርድ ልብስ መደረብ ድንጋይን በጋቢ እንደ መጠቅለል ነው።

በ1841 ደግሞ በፓሪስ ቫለንሲየን የሚባለው ሊቅ አንዲት የህንድ ዘንዶ በእንቍላሎቿ ላይ ተጠቅልላ ሳለች በጥቅልሏ መካከል የሙቀት መለኪያ እያስገባ ለካ። እናቲቱም ከአካባቢዋ አየር ይልቅ ሞቃት ሆና ተገኘች። ይህ ብዙዎችን አስገረመ፤ እባብ ቀዝቃዛ ነው ተብሎ ይታመን ነበርና። በ1862 በሎንዶን ስክሌተር የሚባለው ሊቅ በእኛው በአፍሪካው ዘንዶ ላይ እንዲሁ ለክቶ እንቍላል የታቀፈችው ሴቲቱ ከወንዱ ይልቅ እንደምትሞቅ ጻፈ። ነገሩ ግን ለብዙ ዓመታት አከራከረ። በመጨረሻ በ1966 ሐቺሰን፣ ዳውሊንግና ቪንገር የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት በኒው ዮርክ የአራዊት ማኖሪያ የምትኖር አንዲት የህንድ ዘንዶን መርምረው ምሥጢሩን ገለጡ። አየሩ ከ33 ዲግሪ በታች ሲወርድ እናቲቱ ጡንቻዎቿን ደጋግማ ታንቀጠቅጣለች፤ ልክ ሰው ብርድ ሲይዘው እንደሚንቀጠቀጥ ማለት ነው፤ በዚህም እንቍላሎቿን ታሞቃለች። የአፍሪካው ዘንዶ ዘመድ የሆነው የደቡብ አፍሪካ ዘንዶ ደግሞ ሌላ ዘዴ እንዳለው በ2018 አሌክሳንደር የሚባል ሊቅ አስታወቀ። እናቲቱ ከጕድጓዷ አፍ ላይ ወጥታ ፀሐይ ትሞቃለች፤ ሰውነቷ ወደ ጥቍርነት ይለወጣል፤ ሙቀቷ ወደ 40 ዲግሪ ሲጠጋ ተመልሳ በእንቍላሎቿ ላይ ትጠቀለላለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ ምግብ አትበላም። የእናትን ፍቅር በሰው ብቻ የሚያይ ሰው ይህን ሲሰማ ምን ይል ይሆን?

እባብን በሰው ቤት በደኅና ለማኖር ትልቁን መንገድ የጠረገችው ግን አንዲት ሴት ናት። ጆን ፕሮክተር የምትባለው እንግሊዛዊት ከልጅነቷ ጀምሮ በሽተኛ ብትሆንም እባቦችን፣ ዘንዶዎችን ጭምር፣ በእጇ እየያዘች ታጠናቸው ነበር። በ1927 በተከፈተው በሎንዶን አዲሱ የእባቦች ቤት ፕላን ላይ የሠራችው ሥራ ስሟን ሲያስጠራ ይኖራል። ከእርሷ በፊት ቤቱ በሙሉ በአንድ ዓይነት ሙቀት ይሞቅ ነበር። እርሷ ግን ለእያንዳንዱ ክፍል የተለየ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አደረገች፤ በአንዱ ክፍል ውስጥም አንዱ ወገን ሞቃት፣ ሌላው ወገን ቀዝቀዝ ያለ እንዲሆን ተደረገ። እባቡ በበረደው ጊዜ ወደ ሙቀቱ ይሄዳል፤ በጋለ ጊዜ ይርቃል። ማለት እባቡ ራሱ ለራሱ ሐኪም ይሆናል። ፕሮክተር በ1931 በ34 ዓመቷ ሞተች፤ ነገር ግን ዛሬ በዓለም ሁሉ ዘንዶ የሚጠብቁ ሰዎች ይህንኑ ሥርዓት ይከተላሉ። በአንዱ ወገን 32 ዲግሪ ያህል፣ በሌላው 26 ዲግሪ ያህል አድርገው፣ መካከሉን ለእንስሳው ምርጫ ይተዋሉ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ኤሌክትሪክ ባልነበረበት በዚያ ዘመን የደጋው ገበሬ ቤት ምን ይመስል ነበር? ሽማግሌዎቻችን የሚያስታውሱት ቤት ክብ ነው፤ ግድግዳው በእንጨት ቆሞ በጭቃ ተመርጎ፣ ክዳኑ በሣር ወፍራም ሆኖ የተከደነ ነው። መካከሉ ላይ ምድጃ አለ፤ ጉልቻው ቀን ሙሉ አይቀዘቅዝም። ማታ እሳቱ አይጠፋም፤ ረመጡ በአመድ ይዳፈናል፤ ጧት የተዳፈነውን ገልጠው ይለኵሱታል። በአንድ ወገን ጋጣ አለ፤ ላሙና ጥጃው፣ አንዳንዴም ፈረሱ፣ ከቤተ ሰቡ ጋር አንድ ጣራ ሥር ያድራል። አንዲት ላም ከሰውነቷ የምታወጣው ሙቀት በኤሌክትሪክ ቢለካ ብዙ መቶ ዋት ይሆናል፤ ስለዚህ ሦስት ወይም አራት ከብት ያደረበት ቤት ሌሊቱን በሙሉ የማይጠፋ ምድጃ አለው ማለት ነው። በር ዝቅተኛና ጠባብ ነው፤ መስኮት የለም። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፤ ነገር ግን ሙቀቱ በቶሎ አይወጣም።

ይህን ቤት ከሎንዶኑ ቤት ጋር ብናስተያየው አንድ ነገር እናስተውላለን። መካከሉ ሞቃት ነው፤ ዳሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ከምድጃው ሥር እስከ ግድግዳው ጥግ ድረስ ሙቀቱ በየእርምጃው ይቀንሳል። ይህ ሆን ተብሎ ለዘንዶ የተሠራ አይደለም፤ ለሰውና ለከብት የተሠራ ነው። ነገር ግን በብርድ አገር ለአንድ የቆላ እንስሳ መኖሪያ ከተፈለገ ከዚህ የተሻለ ቦታ በግሽም ሆነ በእንጅባራ አይገኝም ነበር። እናቶቻችን ለመታቀፍ የተቀመጠችውን ዶሮ ከምድጃው ብዙ በማይርቅ ጥግ በቅርጫት የሚያኖሯት፣ ሊጡንም እንዲቦካ ሞቅ ካለው ስፍራ የሚያስቀምጡት ስለ ሙቀት ያላቸው እውቀት በመጽሐፍ ስላልተጻፈ ብቻ አላዋቂነት ሊባል አይገባውም።

ሆኖም ከምድጃ የሚገኝ ሙቀት ሁልጊዜ እኩል አይሆንም። እንጨቱ ርጥብ የሆነ ቀን፣ ክረምቱ የበረታ ሳምንት፣ ቤተ ሰቡ ወደ ለቅሶ ሄዶ ረመጡ የጠፋ ሌሊት ይመጣል። በዚያን ጊዜ ዘንዶው ይበርደዋል። የበረደውም ዘንዶ፣ አስቀድመን እንዳልነው፣ አይበላም። እንግዲህ ቅቤውና ወተቱ ይቀርባል፤ እንስሳው ራሱን ይመልሳል፤ ባለቤቱም ክፉ ቀን መጥቷል ብሎ ኮርቻውን ያወርዳል። ብርድ ብቻም አይደለም። ዘንዶ ቆዳውን ሊገፍፍ ሲል ዓይኑ ይደበዝዛል፤ ያን ጊዜ አይበላም። ሴቲቱ እንቍላል ስትታቀፍ ለሳምንታት አትበላም። አንድ ትልቅ ነገር የዋጠ ዘንዶም እስኪፈጨው ድረስ ሌላ አይሻም። በተጨማሪም ቅቤና ወተት የእባብ ተፈጥሮ ምግብ አይደለም፤ ዘንዶ የሚኖረው አይጥን፣ ወፍንና ሌሎችን እንስሳት እየዋጠ ነው። ስለዚህ አለመብላቱ ሊደንቅ አይገባም፤ ይልቁንስ ወተቱን መቅመሱ ይደንቃል።

እንግዲህ የቀድሞ ሰዎች ያዩት ነገር እውነት ነበር፤ እባቡ አንዳንድ ቀን ይበላል፣ አንዳንድ ቀን አይበላም። የተሳሳቱት በምክንያቱ ነው። እነርሱ ምክንያቱን በሚመጣው ቀን ውስጥ ፈለጉት፤ ምክንያቱ ግን ባለፈው ሌሊት ውስጥ ነበረ። ይህ ልዩነት ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን ሳይንስንና ጥንቈላን የሚለየው መስመር የተሰመረው በዚሁ ላይ ይመስለናል። ሁለቱም አንድ ነገር ያያሉ፤ አንደኛው ሙቀት መለኪያ ያስገባል፤ ሌላው ፈረሱን ይፈታል።

ደግሞ ይህ ነገር የአንድ ሰው ልማድ ብቻ ሆኖ የሚቀር አልነበረም። ፋሲል ተራ ሰው አልነበረም፤ ፈረሱ ላይ ሲወጣ ከኋላው ሠራዊት ይነሣል። በ1769 ከራስ ሚካኤል ስሑል ጋር ተዋግቶ የተሸነፈው በፋግታ ነው፤ ስሟን ዛሬም በአዊ ዞን የፋግታ ለኮማ ወረዳ ይዞት ይገኛል። ከዚያ በኋላ የአገው ሰዎች ከንጉሡና ከራስ ሚካኤል ጋር ወግነዋል ብሎ ተነሣባቸው፤ በባንጃ ተዋግቶም ድል እንዳደረጋቸውና ከአለቆቻቸው ብዙዎቹን እንደ ገደለ ብሩስ ይተርካል። ባንጃም ዛሬ በመካከላችን ያለች ወረዳ ናት። ከእኛ መካከል አያት ቅድመ አያቶቹ ከዚያ ጦርነት የተረፉለት ስንት ተማሪ ይኖር ይሆን! እንግዲህ የዚህን ሁሉ ሕዝብ ሰላም በእጁ የያዘ ሰው ለመውጣትና ለመቅረት አንድ እንስሳ መብላት አለመብላቱን ይመለከት ከነበረ፣ የአንድ ሌሊት ብርድ፣ የአንድ ረመጥ መጥፋት፣ ለአንዲት መንደር የአንድ ቀን ዕድሜ ሊሆናት ይችል ነበር። የሞቀ ሌሊትም በተቃራኒው ይሆን ነበር። ይህ የሚያስቅ ብቻ ሳይሆን የሚያሳዝንም ነው። የሰው ሕይወት እውነተኛ ምክንያቱ ባልታወቀ ምልክት ላይ ሲንጠለጠል ማየት እጅግ ያስፈራልና።

እዚህ ላይ ምስክራችንንም መመርመር ይገባናል፤ መምህሮቻችን የታሪክን ምስክር ሳይመረምሩ መቀበል እንደማይገባ አስተምረውናልና። ብሩስ የዓባይን ምንጭ ከአውሮፓውያን ሁሉ አስቀድሞ ያየ አድርጎ ራሱን አቅርቧል፤ ነገር ግን የኢየሱሳውያን መነኵሴ ጴጥሮስ ፓኤዝ በ1618 አይቶት ጽፎ ነበር። ከብሩስ ጋር የነበረውንም ኢጣልያዊ ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒን በዚያ ጕዞ እንደ ሌለ አድርጎ አልፎታል። ስለዚህ ብሩስ ስለ ራሱ ክብር በሚናገርበት ቦታ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ስለ ፋሲል እባብ ግን የሚያገኘው ክብር አልነበረም። ከዚህም ሌላ ይህን ነገር በዓይኔ አየሁ አላለም፤ «እንደሚባለው» ብሎ የሰው ወሬ መሆኑን ራሱ ገልጧል። እኛም በዚሁ ልክ እንቀበለዋለን። የሚበልጠው ማረጋገጫ ግን ነገሩ ራሱ ከእንስሳው ተፈጥሮ ጋር መስማማቱ ነው። ብሩስ እባብ በብርድ ምክንያት ምግብ እንደሚተው የሚያውቅ ሰው አይመስልም። ሳያውቅ የጻፈው ነገር ከብዙ ዘመን በኋላ ከተገኘው እውቀት ጋር ሲገጥም ወሬው ከባዶ እንዳልተፈጠረ ያሳያል።

አሁን አንዳንድ አንባብያን፣ በተለይም ታናናሽ ወንድሞቻችን፣ «እንግዲያውስ እኛም ዘንዶ ከጃዊ አምጥተን በእንጅባራ ብናሳድርስ?» ይሉ ይሆናል። ይህን አንመክርም። አንደኛ፣ የዱር እንስሳ የአገር ሀብት ነው፤ ስለ አጠባበቁና አጠቃቀሙ በ1999 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 541 ወጥቶለታል፤ በዓለም ላይም የዘንዶ ንግድ በስምምነት የተወሰነ ነው። ሁለተኛ፣ እንስሳውን ማሞቅ ቀላል ሥራ አይደለም። በከሰል ቢሞቅ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚወጣው መርዛም ጋዝ እንስሳውንም ጠባቂውንም ይገድላል። በኤሌክትሪክ ቢሞቅ መብራት በጠፋ ሌሊት ሁሉ እንስሳው ይጐዳል፤ ሙቀቱም በመለኪያ ካልተገደበ ቆዳውን ያቃጥለዋል፤ እባብ ሰውነቱ ሲቃጠል ሰው እንደሚሸሽ ፈጥኖ አይሸሽምና። ሦስተኛ፣ ዘንዶ አድጎ ከ4 ሜትር ሊበልጥ ይችላል፤ ዕድሜውም ከ20 ዓመት ይዘልቃል። ከልጅነት ፍላጎት ይልቅ የሚረዝም ዕዳ ነው። ይልቅስ በቆላው ያሉ ዘመዶቻችን ዘንዶ ባዩ ጊዜ ሁሉ ድንጋይና ዱላ ከማንሣት ቢታገሡ፣ ልጆቻቸውንና ጥጃዎቻቸውን አርቀው መንገድ ቢለቁለት፣ እህላቸውን የሚያጠፋውን አይጥ በነጻ የሚያድን ጠባቂ ያተርፋሉ።

ከዚህ ታናሽ ወሬ እኛ የተማርነው ሦስት ነገር ነው። መጀመሪያው፣ የቀድሞ ሰዎችን ሥራ ሳንመረምር መናቅ እንደማይገባ ነው። ቤታቸውን ሲሠሩ ብርድን ያውቁ ነበር፤ እንስሳትንም ከእኛ ይልቅ በትዕግሥት ይመለከቱ ነበር። ሁለተኛው፣ ሳንመረምር መቀበልም እንደማይገባ ነው። ማየት ብቻውን እውቀት አይሆንም፤ ከማየት በኋላ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ፣ ከመጠየቅም በኋላ መለካት ይከተላል። በፓሪስ፣ በሎንዶንና በኒው ዮርክ የተደረገው ይኸው ነው፤ 125 ዓመት ፈጅቷል፤ የተጀመረው ግን በአንድ ሰው ጥያቄና በአንድ መለኪያ ነው። ሦስተኛው፣ ሥልጣን የያዘ ሰው የሚመለከተውን ምልክት መመርመር ከማንም ይልቅ የእርሱ ግዴታ መሆኑ ነው። ተራ ሰው በተሳሳተ ምልክት ቢመራ መንገዱን ያጣል፤ ገዥ በተሳሳተ ምልክት ቢመራ ግን አገር ይጠፋል።

እኛ በዚህ ዓመት ከተማሪ ቤታችን ወጥተን በየፊናችን እንሰማራለን። ከእኛ መካከል ሐኪም፣ መምህር፣ የእርሻ ባለሙያ፣ ምናልባትም ሹም የሚሆን ይገኛል። ወላጆቻችን ብርድ ባለበት ጧት ቀስቅሰው ወደ ትምህርት ሲልኩን፣ መምህሮቻችንም «ምክንያቱን ንገረኝ» እያሉ በሰሌዳ ፊት ሲያቆሙን ያስቡት የነበረው ይህንኑ ይመስለናል። ታናናሾቻችን ሆይ፣ በአገራችሁ ታሪክ ውስጥ እንደዚህ ያለ ያልተመረመረ መስመር ብዙ አለ። በባንጃ፣ በፋግታ፣ በዘንገና ሐይቅ ዳር፣ በሽማግሌዎች አፍ ሁሉ ይገኛል። ሽማግሌዎቹ ሳሉ ጠይቁ፤ የሰማችሁትንም ጻፉ፤ የጻፋችሁትንም መርምሩ።